ባዶ ቤት የምታናፍሰው ሴት

ሚኒባሱ እስኪሞላ ቆሟል። ከአንዲት ነርስ አጠገብ የተቀመጠችውን ሴት ጉልበቷ ላይ ያስቀመጠችው የቁልፍ ዘለላ የወህኒ ቤት ጠባቂ ያስመስላታል። ጫማዋ ግን በሁለት ዓይነት ክር ተሰፍቷል።

ሬዲዮው «የሀብታምና የድሃ ልዩነት ዓለምን አሳስቧል» ሲል ሳቋ መጣ።

«ዓለም ገና አሁን ነው እንዴ የነቃችው?»

ሥራዋ ባዶ ቤት ማናፈስ ነው። ባለቤቶቹ ሌላኛው ቤታቸው ስለሚከርሙ እሷ መስኮት ትከፍታለች፣ ሌባ ሰው ያለ እንዲመስለው መብራት ታበራለች።

«ይሄ ሁሉ ክፍል፣ የሚያስል ሰው እንኳ የለበትም» አለች ለቤቱ እንደ ማዘን ብላ። «እኛ ጋ አንዱ ካልተገላበጠ ሌላው አይገላበጥም።»

«ታዲያ እትዬ፣ አንድ ቀን እንኳ እዚያ ጋደም አይሉም?» አለች ነርሷ።

«እኔ? የሰው አልጋ ላይ? ምን በወጣኝ!» ቁልፎቹን በሻርፗ ሸፈነቻቸው። ግን አላስችል አላት። «ደግሞም አይመችም። ፍራሹ ይውጥሻል፤ ብትገላበጪ ብትገላበጪ ጫፉ ላይ አትደርሺም። የሚረግጥሽ ሰው ሲጠፋ እንቅልፍም እምቢ ይላል።»

ነርሷ ቀስ ብላ ዞር አለችና አየቻት።

«ወራጅ አለ!» ብላ ጮኸች ሴትየዋ።

«እናቴ» አለ ሾፌሩ፣ «መኪናዋ መች ተነሳች?»