የእንጀራው ናስ

ኮቪድ ከመምጣቱ አንድ ሁለት ዓመት በፊት፣ መኪናዬ ውስጥ ሳንቲም ከምጥልባት ጎድጓዳ ቦታ የእንጀራ ናስ ጠፍቶ አያውቅም ነበር። እዚህ በሰው አገር፣ ሻኮፒ በሚባል ከተማ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሳነሳ ሳወርድ ውዬ፣ ድራይቭ አድርጌ ወደምኖርበት ቡርንስቪል ስገባ፣ አንዷን ናስ ይዤ በቀጥታ ወደ ጋሼ ሱቅ ነበር።

ጋሼ የምለው ባለሱቁን ነው። የድሬዳዋ ሰው ነው፤ በዕድሜ አባቴ ይሆናል። መጀመሪያ ሰሞን አንቱ ስለው "ምን በደልኩሽ?" እያለ ስለተቆጣኝ አንተ ማለት ለመድኩ።

ናሷን የፈጠራት ብሽቀቱ ነው። የካርድ ማሽኑ አንድ ፓኬት እንጀራ በተሸጠ ቁጥር የራሱን ይቆርጥበታል፤ ይሄ ነገር ደሙን ያፈላው ነበር። አንድ ቀን ክብ ክብ የናስ ቁራጭ ገዝቶ መጣና መሃላቸውን በስቶ፣ "ድ" የምትል ፊደል በመዶሻ መታባቸው። ከዚያ በኋላ ደሞዝ ሲገባ አንዴ በካርድ ትከፍያለሽ፣ ናስሽን ቆጥሮ ይሰጥሻል። አንድ ናስ ይዞ የመጣ አንድ ፓኬት ይወስዳል። ከሥራ አምሽቶ የሚመጣ ሰው እንኳን ባዶ እጁን አይመለስም፤ ለናስ የተቀመጠ እንጀራ ሁልጊዜ ከባንኮኒው ሥር አለ።

እኛ ደግሞ ናሷን ከሱቁ አውጥተን የትም አዞርናት። መጋዘን ውስጥ "ቅዳሜን ሸፍኚልኝና ሁለት ናስ እሰጥሻለሁ" ይባል ጀመር። አራስ ስንጠይቅ ትራሷ ሥር ናስ እናደርጋለን። ሆፕኪንስ ከተማ ያለችው ኦሮሞ ጓደኛዬ በረመዳን ለጎረቤቶቿ ናስ ታድል ነበር። እዚሁ የተወለደው ልጄ "እንጀራ ኮይን" ነው የሚላት፤ በአማርኛ ስጠይቀው በእንግሊዝኛ ይመልስልኝና ሱቅ ስልከው ግን ናሷን በጡጫው ጨብጦ ይሮጣል። ያ ጊዜ ደስ ይል ነበር። የምንተዋወቅ ሰዎች ብቻ የምናውቀው የራሳችን ገንዘብ ነበረን፤ ትንሽም ኩራት ቢጤ ይሰማን ነበር።

በኋላ የሱቁ ኪራይ ውል አለቀና አከራዩ አላድስም አለ። ጋሼም ጉልበቱ ደክሞ ስለነበር ልጁ ወዳለችበት ስቴት ለመሄድ ቆረጠ። በሩ ላይ "ናስ ያላችሁ ሱቁ ሳይዘጋ አምጡና እንጀራችሁን ውሰዱ" ብሎ ለጠፈ። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም አስነገረ። ማን ሊያመጣ! ይሄዳል ሲባል ሁሉም ያለውን ናስ ለማስታወሻ ደበቀ። እኔም የቀረችኝን አንዷን በክር አስሬ ከመኪናዬ የውስጥ መስታወት ላይ ሰቀልኳት። የወደድነውን ሰው ያከበርን መስሎን ነበር።

አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ጋሼ አንድ ፓኬት እንጀራ ታቅፎ ቆሟል።

"ናሴን አምጪ" አለኝ። እንደምን ዋልሽም የለ።

"ጋሼ፣ እሷን እኮ ለማስታወሻ ነው የያዝኳት። እንጀራው ይቅርብኝ።"

"ለማስታወሻ! ተማክራችሁ ነው እንዴ? ከጠዋት ጀምሮ የሄድኩበት ቤት ሁሉ ይችኑ ነው የሚለኝ።"

እኔም ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረብኝም። "ከፍዬ የገዛኋት ናት፤ ብበላት ባልበላት ምን አገባህ?" አልኩት።

አልተቆጣም። ገባና ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ እንጀራውን ግን ከጉያው አላወረደም።

"አባቴ ከጣሊያን በፊት ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ለአንድ የውጭ አገር ነጋዴ ጆንያ ይሸከም ነበር" አለኝ። "ሰውየው የሚከፍለው ስሙን ባስቀረጸበት ናስ ነው። ናሱ ደግሞ ከሱ መደብር ሌላ የትም አይሠራም። አባቴ ለሠርጉ ብሎ አንድ ጣሳ ሙሉ አጠራቀመ። አንድ ጠዋት ሲሄድ መደብሩ ተቆልፏል፤ ሰውየው በባቡር ጅቡቲ ወርዷል። እኔ ስወለድ ያ ጣሳ መጫወቻዬ ሆኖ ጠበቀኝ። አባቴ ናሱን ስንወረውር ባየ ቁጥር ፊቱን አዙሮ ይወጣ ነበር።"

እንጀራውን ጠበቅ አድርጎ አቀፈና ቀጠለ።

"እስኪሞት ድረስ ያንን ሰውዬ ሲረግም ነው የኖረው። አሁን እኔ የናንተን እንጀራ ሳልሰጥ ብሄድ ከሱ በምን እለያለሁ? እናንተ ወደድንህ ትላላችሁ። እኔ ልጄ ቤት ሄጄ እንዴት ብዬ ነው የምተኛው?"

ወደ መኪናዬ ወርጄ ናሷን ከነክሯ አመጣሁለት። ተቀብሎ ኪሱ ከተታትና እንጀራውን በሁለት እጁ አስረከበኝ፤ ከትከሻው ላይ አንድ ነገር የወረደለት ይመስል ነበር። ወዲያው ከደረት ኪሱ ሌላ ናስ አወጣ። የጠቆረ፣ የፈረንጅ ፊደሉ በመታሸት ብዛት ሊጠፋ የደረሰ ነው።

"ማስታወሻ ካልሽ ይችን ውሰጂ" አለኝ። "የዚችን ዕዳ የሚከፍል ሰው የለም። የሚሰቀለው እንዲህ ያለው ነው።"

መልስ አልጠበቀም፤ ደረጃውን ቀስ እያለ ወረደ። የመኪናውን ኋላ ሲከፍት በመስኮት አየሁት። የሚቀበለው ያጣ እንጀራ እስከ ላይ ድረስ ተደርድሯል።

ስልኬን አነሳሁና ሆፕኪንስ ያለችው ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። "ናሶችሽን አውጪ፤ ጋሼ እየመጣ ነው" አልኳት።

"እንዴ፣ እኔ እኮ ለማስታወሻ ነው ያስቀመጥኩት" አለች።

"አውጪ አልኩሽ!" ብዬ ጮህኩባት።