እጇን የያዘላት

ኦብሴ የተወለደችው ለቡ ነው፤ ያኔ ለቡ ሕንፃ ሳይሆን ሽምብራ ነበር የሚበቅልበት። ዛሬ የምትኖርበት ኮንዶሚኒየም አባቷ በሬ ይጠምዱበት ከነበረው ማሳ ብዙም አይርቅም። አራተኛ ፎቅ መስኮቷ ላይ ተደግፋ ማሳው በየት በኩል እንደነበር ትፈልጋለች። አታገኘውም። የምትጠይቀውም ሰው የለም፤ የሚያውቁት አልቀዋል።

ወጣት ሳለች የፊልም ሰው ነበረች፤ ያውም ስመ ጥር። በመጀመሪያ ፊልሟ ልጇን ወንዝ የወሰደባት እናት ሆና ስታለቅስ ሲኒማ ቤቱ አብሯት አለቀሰ፤ ባትሪ ይዞ ሰው የሚያስቀምጠው ሰውዬ ሳይቀር። ከዚያ በኋላ ስንት ፊልም፣ ስንት ቲያትር ሠራች! ሰው ግን ያንን ለቅሶ ያዘና ስሟ «አልቃሿ ኦብሴ» ሆኖ ቀረ። ታክሲ ስትገባ፣ «እስቲ ትንሽ አልቅሽልን» ይሏታል። እሷም ትስቅ ነበር።

ባሏ መኩሪያ የሞተ ቀን ነው ያ ቅጽል ስም የመረራት። ድንኳን ተጥሎ፣ አስከሬኑ ሊወጣ ሲል፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደረቷን መታች። መቼም እንዲህ የሆነች ሴት ዝም ተብላ አትታይም። ጎረቤት ተሯሩጦ እጇን ይይዝላታል፣ «ተይ፣ ራስሽን አትጉጂ» ይላታል። የኦብሴን እጅ ግን የያዘ አልነበረም። ከበው ቆመው ያይዋታል፣ ልክ እንደዚያ እንደ ሲኒማው። አንዷ እንዲያውም ስልኳን አውጥታ ቀረጸቻት። ከድንኳኑ ሸራ ማዶ ደግሞ የክብረትን ድምፅ ሰማች፤

«ተዋት፣ ልምድ ነው። እየተወነች ነው።»

ክብረት ግድግዳ የምትጋራት ጎረቤቷ ናት። ኦብሴ ያን ጊዜ ድምፅዋ ቆመ። ቀብር ላይ አላለቀሰችም፣ በአርባውም አላለቀሰችም። ስድስት ዓመት ሙሉ ከክብረት ጋር በርበሬ ተበዳድረዋል፣ ታመው ተጠያይቀዋል፤ ያቺን ቃል ግን አንስተዋት አያውቁም።

እንዲህ እያለች ስድሳ ዘጠኝ ዓመቷን ያዘች። አንድ ቀን አዶኒያስ የሚባል ወጣት አዘጋጅ በሯን አንኳኳ።

«እትዬ ኦብሴ፣ መድረክ አልናፈቀዎትም? ተውኔቱ ላይ ያለችው ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ከእርስዎ ሌላ ማን ያለቅሳታል?»

እሺ አለችው። ሳምንት ሳይሞላ ነጠላ ያዘቀዘቀ ፎቶዋ ጎፋ ድረስ ተለጠፈ። ወሬው ተያያዘ። ግማሹ ንግሥታችን ተመለሰች አለ፤ ግማሹ ደግሞ የባሏን ሐዘን ልትቸበችበው ነው አለ። የዕድር ስብሰባ ላይ ሰብሳቢው አቶ ኮርሳ መነጽራቸውን አውልቀው፣

«ወይዘሮ ኦብሴ፣ እኛ ስንሞትስ በነጻ ነው የምታለቅሽልን ወይስ በትኬት?» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ክብረት ብቻ አልሳቀችም። «ሞት ሳይኖር ነጠላ ማዘቅዘቅ ሞት መጥራት ነው» አለች። «የመኩሪያ ነፍስስ ምን ትላለች?»

 ከስብሰባው ተመልሰው ደረጃው ላይ ሲደርሱ ኦብሴ ቆም ብላ ትኬት አወጣች።

«የእውነቱን አላመንሽኝም፣ ክብረት። ከሸራው ማዶ ሰምቼሻለሁ። እስቲ የውሸቱን መጥተሽ እይው።»

ክብረት ፊቷ አመድ መሰለ። ትኬቱን ተቀበለች።

እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት መጋረጃው ተከፈተ። ኦብሴ ሰው አይታያትም፣ መብራቱ ዓይኗን ይወጋታል። ለሰው ብላም አልመጣችም፤ የፈለገችው አንዲት ሴት እንድታምናት ብቻ ነው። ሰዓቱ ሲደርስ ደረቷን መታች። አንዴ። ሁለቴ። ስድስት ዓመት ታፍኖ የኖረው ድምፅ ወጣ፤ ልምምድ ላይ እንዲህ ወጥቶ አያውቅም። 

ከሦስተኛው ረድፍ አንዲት አሮጊት ተነሣች። በሕይወቷ ቲያትር ቤት ገብታ አታውቅም። ነጠላዋ እየተጎተተ የመድረኩን ደረጃ ወጣችና የኦብሴን ሁለት እጆች ጥርቅም አድርጋ ያዘች።

«ተይ! ተይ እንጂ! ደረትሽን ልታፈርሺው ነው?»

መጀመሪያ ማንም አልገባውም። ከዚያ ከኋላ በኩል ሳቅ ተነሣ፣ ጭብጨባም ተከተለው፤ የተውኔቱ ክፍል መስሏቸው ነው። ክብረት ሳቁን ስትሰማ ነቃች። የት እንደቆመች አየች። የኦብሴን እጆች ለቀቀች፤ አስተናጋጁ ክንዷን ይዞ ሲያወርዳት ዘወር ብላ እንኳ አላየችም፤ በጎን በር ወጣች።

መጋረጃው ሲዘጋ አዶኒያስ እየዘለለ መጣ። «እትዬ፣ ሴትዮዋን ከየት አመጧት? ሕዝቡ አበደ እኮ! በየሳምንቱ እናስገባት!»

«እሷ አትተውንም» አለችው ኦብሴ።

ከሚኒባሱ ወርዳ አራት ፎቅ ወጣች። በራሷ በር አልፋ የክብረትን አንኳኳች።

«ክብረት፣ ክፈችልኝ።»

«ሂጂ ወደዚያ» አለች ከውስጥ። «የሰው መሳቂያ ሆኜ መጣሁ።»

«እጄን ይዘሽልኛል እኮ።»

 የክብረት ድምፅ አሁን ከበሩ ሥር መጣ፣ ተቀምጣ ኖሯል። «ያኔ ነበር መያዝ የነበረብኝ። አሁን በምን ዓይኔ አይሻለሁ? ዛሬ ተይኝ፣ የኔ እናት።»

በሩ አልተከፈተም፤ በነጋታውም፣ በሳምንቱም። ደረጃ ላይ የኦብሴን ኮቴ ስትሰማ ክብረት ተመልሳ ትገባለች። በርበሬ መበዳደሩም ቀረ።

ቲያትሩ እስካሁን ይታያል። በየእሑዱ ኦብሴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ሁለቴ ደረቷን ትመታለች፣ ከዚያ እጆቿን ወደፊት ዘርግታ ጥቂት ትቆያለች። ድርሰቱ ላይ እንዲህ የሚል የለም፣ አዶኒያስም አላዘዛትም። ተመልካቹ እግዜርን የምትማጸን ይመስለዋል። እሷ ግን በዚያ መብራት ውስጥ ሦስተኛውን ረድፍ ለማየት ዓይኗን ታጨናቁራለች።