ሚስ አሱ «ነግቷል» እስክትል

አሰለፈች ገብረወልድን አዳማ ውስጥ በሙሉ ስሟ የሚጠራት የለም ማለት ይቻላል። ልጆቹ «ሚስ አሱ» ይሏታል፤ ወላጆቻቸውም ከልጆቹ ተምረው «ሚስ አሱ» ይሏታል። ቆቃ ተወልዳ፣ ዓሣ አስጋሪ አባቷ «ዝም በይ፣ ዓሣው ይሰማል» እያለ ያሳደጋት ሴት ናት። ዝምታ መውደድ የለመደችው ከዚያ ሳይሆን አይቀርም። እንግዲህ ዝምታ የሚወድ ሰው የመዋዕለ ሕፃናት መምህር ሲሆን ምን እንደሚመጣ አስቡት።

የዚህ ሥራ ጣጣው ማስተማሩ አይደለም፤ ከአንዱ ነገር ወደ ሌላው ማሻገሩ ነው። ከቀለም ወደ እጅ መታጠብ፣ ከእጅ መታጠብ ወደ ምሳ፣ ከምሳ ወደ ፍራሽ። በዚያች መሃል አንዱ ይናከሳል፣ አንዷ ጫማዋን አውልቃ ትወረውራለች፣ ሌላው ያለ ምክንያት እዬዬውን ያቀልጠዋል። የሌላ ክፍል መምህራን ያጨበጭባሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ድምፃቸው እስኪዘጋ ይጮኻሉ። አሰለፈች ግን አንድ ቃል ይበቃት ነበር።

«ኩኩሉ!» ትላለች።

«አልነጋም!» ይላሉ ልጆቹ በአንድ ድምፅ።

ድብብቆሽ ያልተጫወተ ልጅ የለምና ይህን ሁሉም ያውቀዋል። እሷ ግን ጨዋታውን ገልብጣ ለራሷ አድርጋዋለች። በእሷ ክፍል «አልነጋም» ያለ ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አፉን ዘግቶ፣ ባለበት ኩርምት ይላል። ሌሊት ነዋ! እሷ በዚያ ጸጥታ ቀለሙን ትሰበስባለች፣ ፍራሹን ታነጥፋለች። ስትጨርስ «ነግቷል!» ስትል ሁሉም ብድግ ብለው ይሰለፋሉ። «ነግቷል የምለው እኔ ብቻ ነኝ፤ እናታችሁ ብትጠራችሁ እንኳ ድምፅ እንዳይወጣችሁ» ብላቸው ነበር፣ ለቀልድ። የአራት ዓመት ልጅ ቀልድና ሕግ ለይቶ አያውቅም። ደግሞም ዝም ያለውን «ጎበዝ!» ብላ ግንባሩን ትስመዋለች፤ ለዚያች መሳም የማይሆኑት አልነበረም።

አንድ ቀን ርእሰ መምህሯ ወይዘሮ ሙሉአለም «ሌሊት» ላይ ሳሉ ገቡና ከረሜላ ይዘው የአንዱን ልጅ ስም ጠሩ። ማንም ቀና አላለም። ደገሙት። ልጁ ዓይኑን ይበልጥ ጨፈነ።

«ጉድ እኮ ነው! አሱ፣ ምን አስነክተሻቸው ነው?» አሉ እየሳቁ። ከዚያ ላገኙት ወላጅ ሁሉ አወሩላት። ረዳቷ አያንቱ ብቻ፣ በቅርቡ ከአቦምሳ የመጣችው፣ «እኔንስ ያስፈራኛል» አለች። አሰለፈች ቀንታ ነው ብላ አለፈቻት።

ግንቦት ሆነ። የአዳማን ግንቦት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ነፋሱ አዋራውን ከመንገድ ዝቆ መስኮት ላይ ይደፋዋል፣ ፀሐዩ የነካው ብረት እጅ ይልጣል። ከግቢው ጥግ ሞተሩ የወጣለት አሮጌ የትምህርት ቤቱ ሚኒባስ ቆሟል። እጀታው ስለተሰበረ በሩ ከውስጥ አይከፈትም። ዘበኛው ኦቦ ፈዬራ «ይሄን ቆርቆሮ አንሱልኝ፣ ልጆች ይገቡበታል» እያሉ አፋቸው ደከመ። ይሸጣል ይባላል፣ አይሸጥም።

የዚያን ዕለት ረፍት ሲያበቃ አሰለፈች ደጅ ቆማ «ኩኩሉ!» አለች። ከየጥጉ «አልነጋም!» ተባለ፤ ልጆቹ አሸዋው ላይ፣ ዥዋዥዌው ሥር፣ ባሉበት ኩርምት አሉ። ወዲያው ወይዘሮ ሙሉአለም ከቢሯቸው በራፍ ተጣሩ።

«አሱ! እንግዶች መጥተውልሻል፣ ቶሎ ነይ!»

«አያንቱ፣ አስገቢልኝ» ብላ ሮጠች። አያንቱ «ኮታ፣ ኑ፣ ኮታ!» ብትላቸው የሚነሳ ጠፋ፤ ስለዚህ ያገኘችውን ሁሉ በብብቱ እያነሳች አስገባች። አሰለፈች ቢሮ ውስጥ ሆና ግቢው ውስጥ አንድ በር ጓ ብሎ ሲዘጋ ሰማች። ነፋስ ነው አለች በልቧ።

እንግዶቹ ወሬያቸው ረጅም ነበር። እንደ ጨረሱ ክፍሏ ተመለሰች፤ ምሳ ሲከፈት አንዲት ቢጫ ምሳ ዕቃ ባለቤት አጣች። የባጃጅ ነጂው የአብዱልመናን ልጅ የኑሰይባ ነበረች። አሰለፈች ወደ ግቢው ሮጠች።

ሽንት ቤቱ ታየ፣ መጋዘኑ ታየ። ኦቦ ፈዬራ ሚኒባሱን በጡጫ እየደበደቡ «ኑሰይባ!» አሉ፤ አዋራ በጋገረበት መስታወት አጮልቀው ባዶ ወንበር አዩ፣ ጆሯቸውን ሰጡ፣ ምንም የለም። «እዚህ የለችም» ብለው ወደ አስፋልቱ ሮጡ። በር ላይ የተሰበሰበው ሰው «ወስደዋት ነው» ማለት ጀመረ። አብዱልመናን ባጃጁን መሃል መንገድ ጥሎ ገባ።

«ኑሲ! ኑሲዬ! አባ ነኝ!» እያለ ግቢውን ዞረው። ድምፁ ተሰነጠቀ። «አባ ነኝ እኮ! አቤት በይኝ!»

አሰለፈች መሃል ግቢ ላይ ቀጥ ብላ ቀረች። እናታችሁ ብትጠራችሁ እንኳ ያለችው ትዝ አላት። ከረፍት ወዲህ «ነግቷል» አላለችም።

ፈራች፣ በሕይወቷ እንደዚያ ፈርታ አታውቅም። አሁን ቃሉን ብትለውና መልስ ባይመጣስ? እስካላለችው ድረስ ልጅቷ የሆነ ቦታ ዝም ብላ ተቀምጣለች፤ ካለችው በኋላ ግን ዝምታው ሌላ ነው።

«ነግቷል!» ብላ ጮኸች። «ኑሰይባ፣ ነግቷል! ነግቷል!»

መጀመሪያ ነፋሱ ብቻ ተሰማ። ቀጥሎ ከሚኒባሱ ውስጥ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ ኳ አለ።

አብዱልመናን በሩን ገንጥሎ ከኋላ ወንበር ሥር ጎትቶ አወጣት። ፀጉሯ በላብ ፊቷ ላይ ተለጥፏል፣ ከንፈሯ ደርቆ ነጥቷል። አያንቱ ውኃ አፈሰሰችባት። ዓይኗን ስትገልጥ የፈለገችው አባቷን አልነበረም።

«ሚስ» አለች፣ ድምፅ በሌለው ድምፅ። «አልተነቃነቅኩም። አባ ጠራኝ፣ ብዙ ጠራኝ። ዝም አልኩት።»

ግንባሯንም እንዲሳም ቀና አደረገች።

አብዱልመናን ልጁን ደረቱ ላይ ለጥፎ አሰለፈችን አያት። «ልጄን ምን አስነክተሻት ነው?» አላት። አልጮኸም።

ፊቱን ማየት ሲያቅታት ወደ ክፍሏ ዞር አለች። «ነግቷል» የተባለውን ሌሎቹም ልጆች ሰምተው ኖሯል፤ ምሳቸውን ጥለው ወጥተው፣ ፀሐዩ ላይ ቀጥ ያለ ሰልፍ ይዘው፣ ቃል ሳይተነፍሱ እሷን ይጠብቃሉ።