ስድስት ሲካፈል ለግማሽ

ሴት ልጄን ወረታ ትምህርት ቤት ሳስገባት ቁሐር ሚካኤል ውስጥ ያልሳቀብኝ ሰው አልነበረም። «ሴት ልጅ እስከ ወረታ ጭቃ ስታቦካ ውላ ምን ይዛ ትመጣለች?» ይሉኝ ነበር። እኔም «እውነት ይዛ ትመጣለች» እያልሁ እመልስ ነበር።

አራተኛ ክፍል ስትደርስ አንድ ቀን ማታ የቀንበር ጠፍር ስጠግን የቤት ሥራዋን ጮክ ብላ አነበበች። «ስድስት ሲካፈል ለግማሽ፣ አሥራ ሁለት።»

ጠፍሩን አስቀመጥሁ። ከአባቴ መሬት ከወንድሞቼ ጋር ስካፈል የደረሰኝን አውቃለሁ። ተካፍሎ የበዛ ነገር በፎገራ ሜዳ አላየሁም።

«ይህ ውሸት ነው፤» አልሁ። «ውሸት የሚያስተምር ቤት ልጄን አልልክም። እስከ ቅዳሜ ካላስረዳሽኝ ትምህርቱ ይቀራል።»

ደብተሯን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። በእኔ ቤት ልጅ ለአባቱ አፍ አይመልስም። ሥርዓቱን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ አሁንም ጥሩ ሥርዓት ነው እላለሁ። ግን አስረጂ ብዬ ማስረጃውን ከለከልኋት፤ ይህን ያን ጊዜ አላሰብሁትም።

በማግስቱ ባለቤቴ የታጠፈ ወረቀት አቀበለችኝ።

«ደብዳቤ መጣልዎ።»

«ከየት?»

«ከጓዳ።»

እኔ ፊደል የለየሁት ጢም ካወጣሁ በኋላ፣ ብቻዬን፣ ከተቀደደ ዳዊት ነው። ስለዚህ የተጻፈ ነገር ሳላነብ አልጥልም። ልጄ ይህን ታውቃለች።

«ለተከበሩ አባቴ። ከሁሉ አስቀድሞ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ» ይላል። ጠዋት ከአንድ ገበታ በልተናል። ቀጥሎ፣ «ስድስት ሲካፈል ለሁለት ማለት፣ በስድስት ውስጥ ሁለት ስንት ጊዜ አለ ብሎ መጠየቅ ነው። ለግማሽም እንዲሁ ነው።»

ሁለት ጊዜ አነበብሁት። «አልገባኝም በያት» አልኋት እናቷን። ልጅቱ ከመጋረጃው ወዲያ ቆማ ትሰማለች።

ሁለተኛው ደብዳቤ ዓርብ መጣ። ከሰላምታው በኋላ፣ «ለደቦ ሰዎች ስድስት እንጀራ ቢኖረንና ለያንዳንዱ ግማሽ ብንሰጥ፣ ስንት ሰው ይበላል?»

«ምን አለች?» ብዬ ተነሣሁ። «በእኔ ቤት፣ ጓያዬን ሊያጭድ ለመጣ ሰው፣ ግማሽ እንጀራ?»

«ኧረ ሒሳብ ነው» አለች ባለቤቴ።

«ሒሳብም ቢሆን! ጎረቤት ቢሰማ ምን ይለኛል?»

«ጎረቤት ሒሳቡን አይሰማም፤ ጩኸትዎን ነው የሚሰማ።»

ደብዳቤውን መለስሁት። ያን ሌሊት ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ቃሌን ካጠፍሁ አባትነቴ ምን ዋጋ አለው? ካላጠፍሁ ደግሞ የሳቁብኝ ሁሉ ልክ ነበሩ ማለት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስተኛው መጣ። ሰላምታው አጥሯል፤ ቸኩላለች።

«የደቦውን ሰው ትቻለሁ። በእርስዎ ቤት ግማሽ እንጀራ የሚሰጠው ለልጅ ነው። ይህን እኔም ወንድሞቼም እናውቃለን። እናቴ ስድስት እንጀራ ብታወጣ ለስንት ልጅ ይደርሳል? እንጀራው አልበዛም፤ ስድስት ነው። የበዛው የሚደርሰው ልጅ ነው።»

በጣቴ ቆጠርሁ። ጣት አነሰኝ፤ የባለቤቴን ጨመርሁ። አሥራ ሁለት ልጅ፣ ሁሉም ግማሽ ግማሹን ይዞ ታየኝ። እውነት ነው። እንጀራው ተከፈለ እንጂ አልበዛም።

በወረቀቱ ጀርባ ጻፍሁ፦ «ገብቶኛል። ትምህርትሽን ቀጥይ። ለደቦ ሰው ግን ግማሽ እንጀራ አይሰጥም።»

ይህን ወስዳ ለአስተማሪዋ ታሳያለች ብዬ አልጠረጠርሁም። ሰኞ ማታ ወረቀቱ በቀይ ታርሞ ተመለሰ። ለእርሷ ከአሥር አሥር። የእኔንም ጀርባውን ገልብጦ አርሞታል፤ ሰባት። ከሥሩ፣ «ምክንያቱን አልጻፉም» ይላል።

ባለቤቴ እንስራዋን ተደግፋ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ብዕሩን ከልጄ ተቀብዬ ተቀመጥሁና ለደቦ ሰው ግማሽ የማይሰጥበትን ምክንያት ገጹ እስኪሞላ ጻፍሁ። ጉልበቱን ሙሉውን ይዞ የመጣን ሰው በግማሽ መሸኘት ነውር ነው።

ከዚያ ለልጆች ግማሽ የሚሰጥበትን ምክንያት ልጨምር ብዕሩን አነሣሁ። ልጄ ከጎኔ ቆማ ትጠብቃለች። የሚጻፍ ምክንያት አጣሁለት፤ ከዚያን ማታ ጀምሮ ሙሉ አደረግሁላቸው።