አባ ይመርና ቀባሪ የማይሻው ጎረቤት

የጎርፋችን ዳኛ አባ ይመር ባለፈው ሐሙስ ማለዳ አርፈዋል። ከቆቦ እስከ ጎብዬ በዳኝነታቸው ያጠጣችሁ፣ በምላሳቸውም የተገረፋችሁ ሁሉ፣ መርዶው ያልደረሳችሁ ካላችሁ ይኸው ከእኔ ከጎረቤታቸው ስሙት።

አባ ይመር የውኃ አባት ነበሩ። ክረምት ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፈን ማሽላችንን ስናጠጣ ተራ የሚሰጡን እሳቸው ነበሩ። አራስ ካለችበት ቤት በቀር ማንንም አያስቀድሙም ነበር። እኔ ብለማመጣቸው «ጎርፍ ዘመድ የለውም፤ በእሱ ጊዜ እኔም የለኝም» ብለው መለሱኝ፤ እስከ ዛሬ ቅር ይለኛል። ተራ የሰረቀ ከቀብር ማኅበራችን ከቅሬው ይሰረዛል፤ ቢሞት ቀባሪ የለውም። ይህን የማይፈራ ሰው በአገራችን አላየሁም።

ኋላ ለውጭ ገበያ አትክልት የሚያመርት ድርጅት መጣ። ከወንዙ አናት አፈር ቆልሎ ጎርፉን ወደ ራሱ ኩሬ መለሰው፤ የታችኞቹ ገበሬዎች ማሽላ ሳያፈራ ደረቀ። አቤት ብንል ሥራ አስኪያጁ «ባለቤቶቹ ባሕር ማዶ ናቸው፤ እኔ ተቀጣሪ ነኝ» አለን። ስንመለስ አባ ይመር «ሟች የሌለውን፣ ቀባሪ የማይሻውን ጎረቤት በምን እንቅጣው?» አሉ።

ብዙም ሳይቆይ ከደጋ የመጣ የድርጅቱ የቀን ሠራተኛ ታሞ ሞተ። እኛ የሃይማኖት ወንድሞቹ እንኳ «ድርጅቱ ይቅበረው» ብለን እቤታችን ተቀመጥን። ሙስሊሙ አባ ይመር ግን ዶማቸውን ይዘው ከቤተ ክርስቲያኑ በር ቆመው አስጠሩን። «ውኃችሁን የወሰደው ይህ ምስኪን ነው? በሉ ተነሡ» አሉን። ቀበርነው። የሟቹ የአገር ልጅ፣ የድርጅቱ ዘበኛ፣ ጉልበታቸውን ስሞ አለቀሰ።

አባ ይመር ከዚያ በኋላ ወረዳውን ደጅ ጠኑ። ድርጅቱ በግድቡ ላይ መዝጊያ አበጅቶ ለታችኞቹ በተራቸው ውኃ እንዲለቅ ተወሰነ። መዝጊያው ተሠራ፤ ሲከፈት ግን አላየነውም። እሳቸውም ሳያዩት አለፉ፤ ይህ ያንገበግበኛል።

አባ ይመር፣ እርስዎን በቀበርን ዕለት ከሰዓት ጎርፍ ወረደ። የላይኛውም የታችኛውም ገበሬ መቃብርዎ ዘንድ ነበር፤ ቦይ የሚጠብቅ አንድም ሰው አልቀረም። ስንመለስ የታችኞቹ ማሳ ውኃ ጠግቦ አገኘነው። መዝጊያውን የከፈተው ያ ዘበኛ ነው፤ በማግስቱ ከሥራው አባረሩት። ትናንት ቅሬው ተሰብስቦ በአባልነት ተቀበለው። በአገራችን ማሳም ዘመድም የለውም፤ ቀባሪ ግን አለው። እንግዲህ ደህና ይረፉ፣ አባታችን።