ጓዳችን ግድግዳ ላይ የለጠፍኳቸው ጭራቆች

ስድስተኛ ክፍልን ጨርሼ ትምህርት ባቆምኩበት ዓመት፣ ሆሳዕና ገበያ አጠገብ አንዲት ጉራጌ ነጋዴ ሱቅ ውስጥ ወረቀት እጠቀልል ነበር። ከአዲስ አበባ በኪሎ ተገዝቶ የሚመጣውን አሮጌ ጋዜጣና የውጭ አገር መጽሔት ገጽ በገጽ እቀድና ለጨው፣ ለሻይ ቅጠል፣ ለቁንዶ በርበሬ መጠቅለያ እሠራለሁ። ዓይን አፋር ስለሆንኩ ከባንኮኒው ጀርባ፣ ጆንያዎቹ መካከል መቀመጡ ተስማምቶኝ ነበር። ደንበኛ ቢጠራኝ እንኳ የሚመልሱለት ባለ ሱቋ እትዬ ናቸው።

አንድ ቀን ከክምሩ ውስጥ ጭራቅ ብቻ የሞላባቸው የፊልም መጽሔቶች ወጡ። ፊቱን ጠጉር የወረሰው ሰው፣ አውቶቡስ በአፉ ያነሳ አዞ፣ የዝንብ ዓይን ያላት ሴት። እንግሊዝኛው አይገባኝም፤ ሥዕሉ ግን አስተርጓሚ አይፈልግም። እንደሌላው ወረቀት ቀድጄ ጠቀለልኳቸው። በሳምንቱ ከፎንቆ አንድ ገበሬ ጨዉን እንደተጠቀለለ ይዞ መጣ።

"እትዬ፣ ይሄን ቀይሩልኝ።"

"ጨዉ ምን ሆነ?"

"ጨዉ ምንም አልሆነ። ሰውየው ነው። ሚስቴ ይሄ በሽተኛ የነካውን ወጥ ውስጥ አልጨምርም አለች።"

እትዬ ወረቀቱን አገላብጠው አዩት። "በሽተኛ አይደለም፣ ፈረንጅ ነው።"

"ይሁን፤ ብቻ ቀይሩልኝ።"

ከዚያ ወዲያ እትዬ ጭራቅ ያለበትን ገጽ ሁሉ ለይቼ ወደ ቤቴ እንድወስድ ነገሩኝ። "ደንበኞቼን ሊያባርሩብኝ ነው" አሉ። መሰብሰብ የጀመርኩት እንዲህ ነው። አዲስ ክምር በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የምፈልገው እነሱን ሆነ። በሳሙና ካርቶን ውስጥ አልጋዬ ሥር አስቀምጣቸው ነበር። ሰው ሲያየኝ አንገቴን የምደፋው እኔ፣ እነሱን ዓይን ዓይናቸውን አያቸዋለሁ። እንዲያ ያለ ፊት ይዘው፣ ሳያፍሩ ሙሉ ገጽ ሞልተው መቆማቸው ደስ ይለኝ ነበር።

አክስቴ ከሀቢቾ ልትጠይቀን የመጣችው ሕፃኑ ወንድሜ ሳል ይዞት አላስተኛ ባለን ሰሞን ነው። ከእኛ ከልጆቹ ጋር ጓዳ ስለምታድር ካርቶኑን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀባትም።

"ልጁ በከንቱ የሚያለቅስ መስሏችኋል?" አለች ለአባቴ። "ምስል ያለበት ቤት መልአክ አይገባም። ያውም እንዲህ ያለ ምስል።"

አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ቁጣ አያውቅም፣ ያለውን ግን አያጥፍም። "ከሾኔ ስመለስ ይቃጠላል" አለና ሄደ። የሚመለሰው በሦስተኛው ቀን ነበር።

የጓዳችን ግድግዳ ባዶ ጭቃ ነበር። ጎረቤቶቻችን ግድግዳቸውን በጋዜጣ ይለጥፋሉ፤ አባቴ ግን የሰው ምስል አልወድም ብሎ አስለጥፎ አያውቅም። ሳሎን ውስጥ ያለው ቀበሌ ያደለን የአገሪቱ መሪ ፎቶ ብቻ ነው፤ እሱን ያወረደ ይታሰራል። አባቴ ሶላት ሲሰግድ ነጠላ ይጥልበትና ሲጨርስ ያነሳዋል።

ሁለት ቀን አሰብኩ። ካርቶን ውስጥ ያለ ወረቀት በአንድ ክብሪት ያልቃል። ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ግን ቤቱን ሳያቃጥሉ ማቃጠል አይቻልም።

በሦስተኛው ቀን እናቴና አክስቴ ሕፃኑን ይዘው ክሊኒክ ሲሄዱ ዱቄት በውሃ አፍልቼ ሙጫ ሠራሁ። አይጥ እንዳይበላው ሚጥሚጣ ጨመርኩበት። የከበደኝ መለጠፉ አይደለም። እያንዳንዱ ገጽ ሁለት ፊት አለው፤ በሁለቱም በኩል ጭራቅ አለ። አንዱን ለማስቀረት ሌላውን ለጭቃው መስጠት ነበረብኝ። የዝንብ ዓይን ያላትን ሴት ለማትረፍ ከጀርባዋ ያለውን ባለ ክንፍ ልጅ ቀበርኩ። በዚያን ቀን ያለቀስኩት በእሱ ብቻ ነው።

አባቴ ሲመጣ አክስቴ በሩ ላይ ተቀብላ በቀጥታ ወደ ጓዳ አስገባችው።

"ማነው ይሄን ያደረገ?"

"እኔ ነኝ።"

"ቢላ አምጪ። ይፋቃል።"

ቢላውን አምጥቼ ሰጠሁት። ድምፄ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ወጣ።

"አባ፣ ሳሎን ያለውስ?"

"የቱ?"

"ነጠላ የምትጥልበት። እሱ ምስል አይደለም? መጀመሪያ እሱን አውርድ፤ ከዚያ የእኔን እኔው ራሴ እፍቃለሁ።"

እናቴ ሕፃኑን እንደታቀፈች ሄዳ መስኮቱን ዘጋች። አክስቴ አፏን በእጇ ይዛ በሀዲይኛ "ይቺ ልጅ ልታስፈጀን ነው" አለች። አባቴ ቢላውን እንደያዘ ቆመ።

"ይሄን ነገር ውጭ ለሰው ተናግረሻል?" አለኝ ቀስ ብሎ።

"እኔ ውጭ መቼ ተናግሬ አውቃለሁ?"

ሳቅ ሊያመልጠው ነበር፤ ዋጠው። ቢላውን መስኮቱ ላይ አስቀመጠና እናቴን "መጋረጃ ይሰቀል። ከሳሎን እንዳይታዩ" አላት። ስለ ማቃጠል ዳግመኛ አላነሳም። ሕፃኑ በክሊኒኩ ሽሮፕ ዳነ፤ አክስቴ ግን መጋረጃው ነው ያዳነው ብላ ወደ ሀቢቾ ተመለሰች።

አሁን ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ጭራቆቹ አሁንም እዚያው ናቸው። ጢስ አጥቁሯቸዋል፣ አዞው ከነአውቶቡሱ ለሁለት ተሰንጥቋል። ከጎረቤት የሚመጡ ሴቶች "ይሄን ቆሻሻ ንቀይውና ደህና ጋዜጣ እንለጥፍልሽ" ይሉኛል። እንደ ድሮው አንገቴን ደፍቼ ዝም እላለሁ፤ ዝም ማለቴን እሺ ማለት አድርጎ የወሰደ ግን እስካሁን ተሳስቷል። ባለፈው ክረምት ጣሪያው አፍስሶ የባለ ዝንብ ዓይኗ ሴትዮ ገጽ በአንድ ጥግ ተላቀቀ። ገለጥ ሳደርገው የባለ ክንፉ ልጅ አንድ ክንፍ ጭቃ ለብሶ ታየኝ። ብጎትተው ሁለቱም ይቀደዳሉ። ዱቄት በጠብጬ አፈላሁና መልሼ ለጠፍኩት።