አሜን የማይባልበት ዓረፍተ ነገር

እኔም ጴንጤ ነኝና ማማት አይሆንብኝም፤ ጁባ ውስጥ ለጴንጤ እንግሊዝኛ ማስተማር ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። እሁድ ከአምልኮ በኋላ፣ ቡሉክ ሰፈር ባለችው አዳራሻችን፣ የፕላስቲክ ወንበሮቹን ወደ ሰሌዳው አዙረን እንቀመጣለን። ተማሪዎቼ የሆቴል ሠራተኞች፣ ግንበኞችና ባለ ሱቆች ናቸው።

የወደፊት ጊዜ ላይ ስንደርስ ጉድ ፈላ። በ«ዊል» የተሠራ፣ «ሀብታም ትሆናላችሁ» የሚል ምሳሌ ሳነብ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አሜን» አለ። ለ«ጎይንግ ቱ» ደግሞ መጽሐፉ መሰላል ላይ የሚንገዳገድ ሰው ሥሎ፣ «ሊወድቅ ነው» ይላል። ድገሙ ብል ማን ይደግማል?

«መምህር፣ ይሄንንስ በአፋችን አናወጣም» አለኝ አንድ ግንበኛ። «ነገ እኔም መሰላል ላይ ነኝ።»

ምሳሌ እኮ ነው ብዬ ብከራከር ሰሚ አጣሁ። በመጨረሻ ዓረፍተ ነገሩን «ሊወርድ ነው» ብለን ቀይረን ሰውየውን ከመሰላሉ በሰላም አወረድነውና ትምህርቱ ቀጠለ።

አሜን የማትል አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ሎሎጎ ሰፈር ትንሽ ምግብ ቤት አላት። ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም እንደጨነገፉባት ሁላችንም እናውቃለን፤ ያኔ እርጉዝ ሳለች ጉባኤው ቆሞ ጸልዮላት፣ አሜን ብሎላት ነበር። አሁን በሦስተኛው እርግዝና ሆዷ ገፍቷል። ስለ ልጁ ግን ትንፍሽ አትልም፤ አንዲት የሕፃን ልብስ እንኳ አልገዛችም። ስለ ነገ ዓረፍተ ነገር ሥሪ ስላት፣ ነገ ስለምትገዛው ሽንኩርት ትነግረኛለች።

በዚያው እሁድ ሦስተኛውን የወደፊት ጊዜ፣ ግሱ ላይ «ኢንግ» ብቻ የሚጨመርበትን፣ አስተማርኩ። ከሌላ ሰው ጋር ተነጋግረን የጨረስነው፣ ቀን የተቆረጠለት ጉዳይ የሚነገርበትን ማለቴ ነው። እጇን አወጣች።

«ተስፋ ብቻ ሲሆን የመጀመሪያው፣ ምልክቱ ሲታይ ሁለተኛው፣ ያለቀለት ነገር ሲሆን ይሄኛው። አይደል መምህር?»

«ልክ ነሽ።»

ተነሣች። «እባካችሁ አሜን አትበሉልኝ፤ ዝም ብላችሁ ስሙኝ» አለች። ከዚያ ሁለቱን ትታ በሦስተኛው፣ «አይ አም ሃቪንግ ኤ ቤቢ» አለች። ልጅ እወልዳለሁ ማለቷ ነው።

ከማን ጋር ተነጋግረሽ ጨረስሽ ብዬ አልጠየቅኳትም፤ ሁላችንም ገብቶናል። አሜን ያለ የለም። ግንበኛው አንገቱን ደፋ። ይህንን ሰዋስው ስንት ዓመት አስተምሬዋለሁ፤ ሰው በሙሉ ክብደቱ ሊቆምበት እንደሚችል ግን አላውቅም ነበር። ሁለት ጊዜ የተቀበረ ተስፋ ያላት ሴት እንዲህ ያለ ድፍረት ከየት ታመጣለች? እስካሁንም ሳስበው ይገርመኛል፤ ያስፈራኛልም።

ስንወጣ በሩ ላይ ጠበቀችኝ።

«መምህር፣ ዝናቡ ሲጀምር ለጥቂት ሳምንታት እቀራለሁ» አለችኝ። «ስመለስ ከማራገቢያው አጠገብ ያስቀምጡን። ሕፃን የጁባን ሙቀት አይችልም።»